ለኮንሰርት ብዬ የገደልኩት ሰው

የልደታ ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም። ጤነኛ ሰው ያማርራል እንጂ ይወጣዋል። ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ ግን ኩላሊታቸውን ታመው ቅዳሜ ቅዳሜ እጥበት ስለሚሄዱ፣ ሲመለሱ ደረጃውን አይችሉትም። የብሎካችን ወንዶች ተራ ገብተን፣ በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠን ለሁለት እንሸከማቸዋለን።

ያን ቅዳሜ ተራው የእኔና የምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ደግሞ ሰንጋ ተራ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ለሚደረግ ኮንሰርት ትኬት ይዣለሁ፤ ከማሊ፣ ከሕንድና ከብራዚል የመጡ ሙዚቀኞች ከእኛዎቹ ጋር የሚጫወቱበት። ገቢው ለማን መሰላችሁ? ለኩላሊት ሕሙማን።

እውነቱን ብነግረው ኖሮ ልብስ ሰፊው በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ግን አፈርኩ። ደውዬ "የአባቴ አጎት አርፎ ለቅሶ ላይ ነኝ" አልኩት። ለቅሶ ላይ ነኝ ያለን ሰው ማንም አይጠይቅም። አባቴ ደግሞ አጎት የለውም።

ኮንሰርቱ፣ አሁንስ አልዋሽም፣ ግሩም ነበር። የማሊው ሰው በትልቅ ቅል ላይ የተወጠሩትን ክሮች ሲነካካ የእኛው ማሲንቆ ተጫዋች ተከተለውና አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ወጣት መድረክ ላይ ወጥታ እናቷ ከእጥበት ስትመለስ እንዴት እንደምትዝል ስትናገር አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የመሥሪያ ቤቴ ልጅ ሶፍት አቀበለችኝ። ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

አመሻሽ ላይ እያፏጨሁ ደረጃውን ስወጣ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል እማማ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል። ልብስ ሰፊውና ዘበኛው ተሸክመው ቤታቸው አስገብተዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻቸውን፣ ብረቱን ይዘው ነው የወጡት፤ እኔን ለቅሶ ሊደርሱ።

"መጣህ ልጄ? እግዜር ያጽናህ" አሉኝ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ቤትህ ልደርስ ብዬ ነበር፣ እግሬ እንቢ አለኝ።"

"ምነው እማማ፣ በዚህ ጉልበትዎ?"

"አንተ ስንት ቅዳሜ ተሸክመኸኝ፣ ሰው ሲሞትብህ ልቅር?"

አዳራሹ በር ላይ እጄ ላይ ያሰሩልኝን ወረቀት ወደ እጅጌዬ ገፋሁት። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

"የክርስትና ስሙን ንገረኝ" አሉ ቀድመውኝ። "ለልደታ ስሄድ በጸሎት አስጠራዋለሁ።"

የሌለ ሰው የክርስትና ስም ከየት ይመጣል? ደንግጬ አፌ ላይ የመጣልኝን፣ የራሴን ነገርኳቸው። እንዳይረሱት ሁለቴ ደገሙት።

ከዚያ ወዲህ የቅዳሜ ተራዬን አሳልፌ አላውቅም። እማማም ወንበሩ ላይ ሆነው "ያን ዘመድህን አልረሳሁትም" ይሉኛል። "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ፣ ወንበሩን አጥብቄ ይዤ። ወር በገባ በአንድ፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን፣ ስሜ ከሙታን ጋር ይጠራል።