በር የማይንኳኳበት ቤት

እኛ ቤት የሚመጣ ሰው በር አያንኳኳም ነበር። ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ እኔ እከፍታለሁ። ታላቅ ወንድሜ ከእስር ወጥቶ፣ በሱዳን ዞሮ አትላንታ እኔ ጋ ከገባ ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነበር። አዲስ አበባ ሳለ የወሰዱት በር አንኳኩተው ነውና፣ ኳ ሲል ፊቱ አመድ ይመስላል፤ መኝታ ቤት ገብቶ ይቆልፋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም «አታስደንግጡት» ተባብለው፣ ልጆቻቸውን አስጠንቅቀው ነበር የሚመጡት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ሁላችንም ተሳስተናል።

ይህን ያወቅሁት ሥራ ቦታ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የአይጦች ኬጅ፣ ማለት የሽቦ ቤታቸውን፣ ክሊን አደርግ ነበር። አይጦቹን ተመራማሪዎቹ መብራት እያበሩ እግራቸውን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነኳቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ መብራቱን ብቻ ሲያዩ ይበረግጋሉ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ መብራቱን ቢደብቁባቸው አይረሱትም ወይ ብዬ አለቃዬን ጠየቅኋት። አይረሱትም አለችኝ። መብራቱ ያለ ኤሌክትሪክ ደጋግሞ ሲበራ ነው ፍርሃቱ የሚበርደው፤ እሱም መርሳት ሳይሆን አዲስ ትምህርት ነው። አንጎል ውስጥ ፍርሃት የሚያዝበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያሉ ሴሎች መልእክት መቀበያቸው በመድኃኒት ከተዘጋ፣ መብራቱ የፈለገውን ያህል ቢበራ አይጧ አዲሱን ነገር አትማርም።

ታዲያ የእኛ በር አለማንኳኳት ወንድሜን ምን አስተማረው? ምንም! እየተናደድኩ ወደ ቤት ገባሁ።

በዚያው ሰሞን ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ክፍል የማጽዳት ሥራ አገኘንለት። ክፍል ለማጽዳት ደግሞ በር ማንኳኳት ግድ ነው። ጦሜን ባድር ይሻለኛል አለ። ቤት ተዘግቶ መኖር ሊውጠው ነው፤ ዝም ብዬ አላይም።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ አንኳኳለሁ» አልኩት። «ከበሩ ጀርባ ከእኔ በቀር ማንም የለም።»

አኮረፈኝ፤ ኋላ ግን እሺ አለ። ከሥራ በመጣሁ ቁጥር አንኳኳሁ። መጀመሪያ ላብ ያጠምቀው ነበር። ገብቼ አጠገቡ እቀመጥና ወሬ እናወራለን፤ ተመልሼ ወጥቼ ደግሞ አንኳኳለሁ። ይቺ ሴት አበደች ያሉኝ ሰዎች ራሳቸው በኋላ ተራ ገብተው እያንኳኩ መጡ። እያጉረመረመም ቢሆን፣ እሱ ራሱ መክፈት ጀመረ።

መጀመሪያ ሆቴሉ ሥራ ውሎ የመጣ ቀን፣ ጫማውን ሲያወልቅ እንዴት ነበር አልኩት።

«አንኳኳሁ» አለኝ። «ግን በቀስታ ነው። ውስጥ ያለው ሰው ምን እንዳሳለፈ በምን አውቃለሁ?»