ክርስቲያን ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ

የያዙኝ ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ በምሠራበት ሆቴል ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ምሳ ሰዓት ነበር። የሽንኩርት ጆንያ እየፈታሁ ሳለ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙና አንደኛው በእንግሊዝኛ፣ «አስተማሪው አንተ ነህ?» አለኝ። አገር ቤት ታሪክ አስተምር እንደነበር ጁባ ውስጥ የሚያውቁት የአገሬ ልጆች ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው የሆቴል ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ሰውየው አፉን ሲከፍት ከእኛው መካከል አንዱ እንደጠቆመኝ ገባኝ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልደከምኩም።

ጥፋቴ እሑድ እሑድ ከአራት አምስት ስደተኞች ጋር እየተሰበሰብን ስለ አገራችን ማውራታችን ነበር። ጠቋሚው ቀባብቶ ስውር ድርጅት አድርጎታል። መኪና ውስጥ አስገቡኝና መስኮቱን ዘጉ። ማንም አልመታኝም። ቶንፒንግ የሚባለውን ሰፈር አልፈን ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ ግቢ ገባን። አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከዛፉ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ ላይ፣ የጭነት ኮንቴይነር ተቀምጧል። የዕቃ ማስቀመጫ መስሎኝ ነበር። ዘበኛው የብረቱን በር ሲስበው ከጨለማው ውስጥ ዓይኖች አየሁ።

ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሆንን። ለአየር ተብሎ ከጣሪያው በታች ጡጫ የሚያስገቡ ሁለት ቀዳዳዎች ተበስተዋል። ከረፋዱ በኋላ ብረቱ ስለሚግል ግድግዳውን የሚደገፍ አልነበረም፤ ሁላችንም ጉልበታችንን አቅፈን መሀል ላይ እንሰበሰባለን። ላብና ዝገት ይሸታል። አውሮፕላን ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። በእያንዳንዱ መንቀጥቀጥ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ቀን ከነዚህ በአንዱ ጭነው አገር ቤት ላሉት ባለሥልጣናት ያስረክቡኛል።

ሦስት ቀን አፌን የከፈትኩት ውሃ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ዓረብኛዬ የገበያ ዓረብኛ ነው፤ ካስተም ገበያ ሄጄ ቲማቲም ተከራክሬ እገዛበታለሁ እንጂ ፈርቻለሁ ብዬ አልናገርበትም። ከአገሬ ሰዎች ሊጠይቀኝ የመጣ አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ የሚመጣ ሰው ስሙን መዝገብ ላይ ማስጻፍ ነበረበት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ሲታደል አንድ ረጅም ሰው፣ ግንባሩ ላይ የጎሳው መስመሮች የተተለተሉበት፣ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «ወንድሜ፣ የእኔንም ጠጣልኝ» አለኝ። በአማርኛ ነው ያለኝ። ኩባያውን ተቀበልኩት። ዓይኔ እንባ ስለሞላ ቀና ማለት አልቻልኩም።

ልጅነቱን ጋምቤላ፣ መጠለያ ጣቢያ ነው ያሳለፈው። አማርኛ የተማረው እዚያው ነው። ኋላም አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ሰላም ሆነ ሲባል ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ምርጫ ከገዢው ፓርቲ ወጥቶ በግሉ ለተወዳደረ ሰው ሾፌር ነበር። ተወዳዳሪው ሸሸ፤ ሾፌሩ ተያዘ። ይህን ሲነግረኝ ምሬት አልነበረበትም። ስለ መንገዶች ማውራት ይወድ ነበር፤ ሜክሲኮ አደባባይን፣ ሳሪስን፣ የትኛው መብራት እንደሚያስቆም ያስታውሳል። መምህር ይለኝ ነበር።

ሻዩን በየቀኑ ይሰጠኝ ስለነበር ጨጓራ ያመው መስሎኝ ጠየቅሁት። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም አለ። የምን ሃይማኖት እንደሆነ ስጠይቀው ሳያመነታ ሞርሞን ነኝ አለኝ። አዲስ አበባ ሳለ ነው የተቀበለው።

እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ። ስለ ሞርሞን የማውቀው የአሜሪካኖች ነገር መሆኑን ብቻ ነበር። ግን ቀኑ ረጅም ነው፤ እንደ ተማሪ እፈትነው ጀመር። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በሐሳብ አንድ ናቸው እንጂ ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው አለኝ። አካላትስ እኛም ሦስት እንላለን፤ በመለኮት አንድ ናቸው ወይ ብዬ ስይዘው፣ እንደዚያ አይደለም አለ። እንግዲያው ሦስት አማልክት አሉህ አልኩት። አንተ እንደፈለግህ ቁጠረው፣ እኔ የምጸልየው ወደ አንዱ አባት፣ በልጁ በኢየሱስ ስም ነው አለኝ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፍ እንዳላቸው፣ ከሐዋርያት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ጠፍታ ኋላ እንደተመለሰች እንደሚያምኑ አልደበቀኝም። ይህ የመጨረሻው አናደደኝ። የእኔይቱ መቼ ጠፍታ ነው የተመለሰችው? እሱ ግን በክርክሩ አይቆጣም። ይልቅ ስለ ሄኖክ ንገረኝ ይለኛል፤ በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ስለ ሄኖክ ብዙ እንደተጻፈ ያውቃል። የማስታውሰውን እነግረዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም በሙቀቱ ሲያንቀላፉ፣ በእነሱ መጽሐፍ ሄኖክ እግዚአብሔር ሲያለቅስ እንዳየ ነገረኝ። እግዚአብሔር አያለቅስም ልለው ነበር። ተውኩት።

እሑድ ጠዋት አንድ ፓስተር ይመጣ ነበር። እንደ ሾፌሩ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ሽማግሌ፣ ነጭ ሸሚዙ የተተኮሰ። የግቢውን አዛዥ ለምኖ ያስፈቀዳት አንድ ሰዓት ነበረችው፤ ክርስቲያን እስረኞችን ከማንጎው ሥር አውጥቶ ሊያጸልይ። ሁላችንም ክርስቲያን ነን ስለሚሉ ሁሉም ይወጣል፤ ሾፌሩም አብሮ ይወጣል። ያቺን አንድ ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ነበር የምንጠብቃት። ነፋስ ፊትን ሲነካ ምን ማለት እንደሆነ ከኮንቴይነር ያልወጣ ሰው አይገባውም።

በሦስተኛው እሑድ በሩ ሲከፈት ፓስተሩ ሾፌሩን በእጁ አስቆመው። ከእስረኞቹ አንዱ ነግሮት ኖሯል። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ሾፌሩ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም። የፓስተሩ ፊት ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። ካምፓላ ሲማር ስለነሱ አስጠንቅቀውት ነበር፤ ፈቃዱም ለክርስቲያኖች ብቻ ስለሆነ እንዳይነጠቅ ፈርቷል። ግራ ሲገባው ወደ እኔ ዞረ።

«የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ሁሉ ትቀድማለች» አለኝ። «አንተም ከእሱ ጋር ብዙ አውርተሃል። ክርስቲያን ነው?»

ከታሰርኩ ጀምሮ አዋቂ ነህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንገቴ ቀና ማለቱን አሁንም አስታውሳለሁ።

«አይደለም» አልኩ። ምክንያቱንም እንደ ክፍል ውስጥ አብራራሁ፤ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ተጨመረው መጽሐፍ።

ሾፌሩ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ዞሮ ገባ። ዘበኛው በሩን ከውጭ ዘጋው። ከማንጎው ሥር ተቀመጥን። ፓስተሩ ያነበበውን አልሰማሁም። ኮንቴይነሩን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻዩን እንደ ወትሮው ሰጠኝ። ግን «ሻይ» ብሎ በዓረብኛው ድምፅ አስቀምጦ ሄደ። በአማርኛ ስጠይቀው በዓረብኛ ይመልስልኛል፤ በትህትና፣ ባጭሩ። አልሰደበኝም፣ ፊቱን አላጠቆረም። አማርኛውን ብቻ ወሰደብኝ። ያን ሳምንት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይልቅ ብቸኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ አሁን ግን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አለ። የቋንቋዬን ድምፅ ለመስማት ብዬ በቃሌ የማውቀውን ጸሎት ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግም ነበር። የሚሰማኝና የሚገባው እሱ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።

ያስተማርኩት ታሪክ ትዝ ያለኝ ያኔ ነበር። የኬልቄዶን ጉባኤ የእኛን የሃይማኖት አባቶች እንዳወገዘ፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን ስንት መቶ ዓመት መናፍቃን እያለ እንደጠራን ለተማሪዎቼ ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጽሐፋችንም ሰማንያ አንድ ነው፤ የፓስተሩ ስልሳ ስድስት።

ቀጣዩ እሑድ መጣ። በሩ ሲከፈት ሾፌሩ ከተቀመጠበት አልተነሳም። እኔ ወጣሁና ፓስተሩ ፊት ቆምኩ። የእኔም መጽሐፍ ካንተ ይበልጣል አልኩት፤ አሥራ አምስት ይበልጣል፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የምናምነውንም ብዙዎች አይቀበሉትም። ስለ አንተ አልጠየቅሁም አለኝ፣ ተጨንቆ። ሰዓቷ እያለፈች ነው፤ ሌሎቹ ዛፉን እያዩ ቆመዋል።

«ባለፈው ስለ ትምህርታቸው የመለስኩልህን አልለውጥም» አልኩት። «ግን የጠየቅኸኝ ማን ፀሐይ ውስጥ ይዘጋበት የሚለውን ነበር። ያንን ልመልስ አይገባኝም ነበር።»

ተመልሼ ገባሁ። ዘበኛው እስኪገባው ጥቂት ጠበቀና በሩን ዘጋው።

ለሁለት ሰው ኮንቴይነሩ ሰፊ ነው። ከውጭ መዝሙር ይሰማል። ጎኑ ሄጄ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ፣ «መምህር፣ ነፋሱ አመለጠህ» አለኝ። በአማርኛ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ «እና አሁን ክርስቲያን ነኝ?» አለኝ።

ልዋሸው አልፈለግሁም። የምታምነውን አልቀበልም አልኩት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር።

«እኛም ያንተን ጥምቀት አንቆጥረውም» አለኝ። «ብትመጣ እንደ አዲስ ነው የምናጠምቅህ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ዘበኛው በሩን በሰደፍ መታው። ከዚያ እሱ በራሱ ጸሎት፣ እኔ በራሴ፣ ጎን ለጎን ጸለይን። እሱ በአማርኛ ነበር የጸለየው። ለሚስቱ፣ ለሁለት ሴት ልጆቹ፣ ለፓስተሩ፣ ለእኔም። በልጅህ ስም ብሎ ጨረሰ። አሜን አላልኩም፤ ግን እስኪጨርስ ድረስ የእኔን አቋርጬ አዳመጥኩት።

በዚያው ሳምንት ጠሩኝ። የሆቴሉ ባለቤት ሰው አፈላልጋ አስፈትታኛለች፤ አገሩን ለቅቄ ልወጣ በሚል ስምምነት። ከሾፌሩ ጋር ለመሰነባበት የተፈቀደልን ዘበኛው ስሜን ሁለቴ እስኪጠራ ነበር። እጄን ጨብጦ፣ በርታ መምህር አለኝ። በኒሙሌ በኩል ወደ ኡጋንዳ ተሻገርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጁባ ላይ ጦርነት ሲነሳ በማውቀው ሁሉ በኩል ላፈላልገው ሞከርኩ። የሚያውቀው አላገኘሁም።

አሁን ካምፓላ ነው ያለሁት፤ የስደተኛ ልጆችን አስተምራለሁ። ሰው ስለ ሞርሞኖች ከጠየቀኝ ቤተ ክርስቲያኔ የምትለውን እናገራለሁ፤ ያን ጊዜም ያልኩት እሱን ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ቄሱ በጸሎት የሚታሰቡ ሰዎችን ስም ሲመዘግቡ ተራዬን ጠብቄ የሾፌሩን ስም ነገርኳቸው። የጎሳ ስም ስለሆነ ሁለቴ አስደገሙኝ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

አላውቀውም አልኳቸው።

«በሕይወት አለ ወይስ አርፏል?»

ይህንንም አላውቅም አልኩ። ቄሱ እስክሪብቷቸውን በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል ይዘው ትንሽ አዩኝ፤ ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር። ስታውቅ ተመለስ፣ ልጄ፣ አሉኝ በለሆሳስ። ከሰልፉ ወጥቼ ከምሰሶው ጎን ቆምኩና ስሙን እኔው ጠራሁት።