ቀጭኑን መጽሐፍ መረጥኩ



ትምህርት ቤታችን ለክረምት መጽሐፍ ያውሳል። የተዋሰ ተማሪ ግን መስከረም ላይ ሰልፍ ፊት ቆሞ ያነበበውን ይናገራል። እኔ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት እንኳ የሚያስፈራኝ ነኝ። ያለ መጽሐፍ ደግሞ ክረምቱ አይገፋም።

ንግግሩ እንዲያጥርልኝ ብዬ ዛሬ ቀጭኑን መዝዤ አስመዘገብኩ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ዝናሽ ገለጥ አድርገው ሳቁ። «አበጀሽ የኔ ልጅ! ግጥም የወሰደ እኮ ሙሉውን በቃሉ ነው የሚለው።»

«እትዬ፣ ይቀይሩልኝ?»

«አንዴ ተመዝግቧል። እስቲ ድምፅሽን እንስማው!»

ሰፈሬ ማንኩሳ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ገጾቹን ስቆጥር መጣሁ። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አንዱን ግጥም ጮክ ብዬ ሞከርኩት።

እናቴ ከጓሮ ተጣራች፦ «ማነው እንዲህ የሚጮኸው? እንግዳ መጣ እንዴ?»

እናንተስ ፈርታችሁ የመረጣችሁት መጽሐፍ ምን አመጣባችሁ?