የስቅለት ዕለት ሸረሪት

ሰሞኑን ዲላ ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር ገጹን ሁሉ የሞላች ንብ አየሁ። የእግሯ ጠጉር ሳይቀር ይታያል። ፀጉር አስተካካዩ፣ አባባ ምነው ፈዘዙ ቢለኝ ሳቅሁ። የት እንደ ሄድኩ በምን ያውቃል?

ዘመኑ የጣሊያን ነው፤ እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ። በአባቴ ሱቅ ቆሜ ጣሊያንኛ ስለለቃቀምኩ፣ የቡና ተባይ ያጠናል የተባለ አንድ ጣሊያን አስተርጓሚው አድርጎ ወሰደኝ። ወሰደኝ ስል ጠይቆኝ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ካሳ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ከርሟል፤ ገደብ በሚባለው አገር በኩል እንዳለ ሹክ ብለውናል። ጣሊያኑ ደግሞ ካሜራውን ይዞ ወደ ገደብ እንሂድ አለ፤ ያውም በስቅለት። ሁለቱ ከተገናኙ አንዳቸው እንደሚሞት አውቅ ነበር።

መንገዱ ጭቃ ነው። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ቡናው አብቧል፣ አገሩ ሁሉ ይሸታል። እኔ ከሐሙሱ ጉልባን ወዲህ እህል አልቀመስኩም። የቡና አበባ ሽታ ያጠግባል የሚል ሰው ካለ ጾሞ አያውቅም ማለት ነው።

እንሰቱ ሥር ስንደርስ ጣሊያኑ ድንገት ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተንበረከከ፣ ግንባሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎነበሰ። ያያት ሸረሪት ነበረች። ካሜራውን ሲያስጠጋባት ትሸሻለች፤ ተነሥቶ ይራመድና ደግሞ ይንበረከካል። እኔ ዓይኔ ከጫካው አልተነቀለም። በመጨረሻ ጠራኝና በካሜራው መስተዋት እንዳይ አመለከተኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሸረሪቷ ልጆቿን ሁሉ ጀርባዋ ላይ አዝላለች፤ አንዳቸውም ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። አንዱ ተንሸራቶ ወደቀ። እናቲቱ ቀጥ ብላ ቆመች፤ በእግሯ ላይ ተንጠላጥሎ እስኪወጣ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እንደዚህ ያለ ነገር ከእግሬ ሥር እያለ ነው ወይ ስረግጥ የኖርኩት አልኩ። ወንድሜም፣ ጠመንጃውም፣ ረሃቤም ለጊዜው ጠፉብኝ። ማታ በሰላም ዲላ ገባን።

ጠላት ከወጣ በኋላ ካሳ በደኅና ተመለሰ። አንድ ቀን ስንጫወት፣ በዚያ ስቅለት ከቡናው ውስጥ ሆኖ ጣሊያኑ ላይ አነጣጥሮ እንደነበር ነገረኝ። ለምን እንዳልተኮሰ ጠየቅሁት።

"በስቅለት ባርኔጣውን አውልቆ የሚሰግድ ሰው ይተኮስበታል እንዴ? አንተም አብረኸው ስትሰግድ አይቻለሁ" አለኝ።

እየሳቅሁ ስለ ሸረሪቷ ነገርኩት፤ ወድቆ ስለተነሣው ልጇም። እሱ አልሳቀም።

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?" አለ።

ካሳ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ጣሊያኑ የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ አገሬን ሊወስዱ ከመጡት ጋር የመጣ ነውና ዛሬም አልወደውም። ያየውን ግን አብሬው አይቻለሁ፤ ይህን መካድ አልችልም። ቤት ሲጠረግ ሸረሪት ከተገኘች፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ አውጧት እላለሁ። የልጅ ልጆቼ እርጅና ነው ብለው ይሣሣቃሉ፤ ግን ያወጧታል።