ባጃጅ ውስጥ የሚተኛው ሕፃን

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ በመስማት ምርመራ ክሊኒኩ የሚሰጠኝ ሥራ ትንሽ ነው። የሕፃናቱን ግንባርና የጆሯቸውን ጀርባ በጥጥ አሽቼ አጸዳለሁ፤ ከዚያ ሽቦ የሚያያዝባቸውን ትንንሽ ተለጣፊዎች እለጥፋለሁ። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ጆሮው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይለቀቃል። ነርቩ ድምፁን ወደ አንጎል ግንድ ካደረሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሞገድ ይታያል። ሕፃኑ ከነቃና ከተወራጨ ግን ምንም አይነበብም።

ያን ቀን ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት ገና ድክ ድክ ያላለ ልጇን ታቅፋ መጣች።

"አማቴ አይሰማም ትላለች" አለችን ሳትቀመጥ። "ባጃጅ ውስጥ ሞተሩ እንደዚያ እየጮኸ እሱ ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ዛሬ እውነቱን ሳላውቅ ቤት አልመለስም።"

እኔ ሥራዬን ላሳምር ብዬ እንቅልፍ እስኪወስደው በትዕግሥት ጠበቅሁ። ከዚያ ግንባሩን ልክ እንደተማርኩት አሸሁት። ነቅቶ ክሊኒኩን በለቅሶ አናጋው።

"የተኛ ሰው ፊት ይታሻል እንዴ?" አለች መምህሬ እየሳቀች። "መጀመሪያ ለጥፊለት፣ ከዚያ ይተኛ።"

ለጠፍኩለት። ጡት ቢሰጠው፣ ቢታዘል አልተኛም አለ።

"ያው ባጃጅ ነው የሚያስተኛው" አለች እናቱ። መምህሬ በሩን ጠቆመችኝ።

ደጅ የቆመው ባለባጃጅ ከልጁ ራስ ላይ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች አየና፣ "አቦ፣ ልጁን ቻርጅ ልታደርጉት ነው?" አለ።

"የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግረን እንመለስ። ቀስ ብለህ ንዳ" አልኩት።

"ቀስ ካለማ አይተኛም!" አለች እናቱ።

ድልድዩን ሳንጨርስ አንቀላፋ።

ስንመለስ መምህሬ ማዳመጫዎቹን ጆሮው ውስጥ አስገባች። ንፋሱ እንዳይረብሸው ቬንትሌተሩ ስለጠፋ ሁላችንም በላብ ተነከርን። እናቱ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። መጀመሪያ የታየው የተዘበራረቀ መስመር ብቻ ነበር። ቆይቶ ሞገዶቹ ተራ በተራ ብቅ አሉ፤ በቀኝም፣ በግራም። ድምፁን በጣም ዝቅ ስናደርገውም አልጠፉም።

"ይሰማል" አለች መምህሬ።

"ታዲያ ባጃጁስ?"

"ለምዶታላ! የድሬ ልጅ አይደል?"

እናቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሽቦዎቹን ፈትቼ ተለጣፊዎቹን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ግን ያዝ አደረገችኝ።

"የግንባሩን ተይልኝ፣ እህቴ። አማቴ ትየው።"

ልጁ እንደተኛ፣ ተለጣፊው ግንባሩ ላይ እንዳለ፣ ወደዚያው ባጃጅ ተመለሰ።