ዜሮ ይዛ ስትመለስ

ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልበትም። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ወንበሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲያወጋ፣ እኔ ከቢሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ ቢሮ እመላለሳለሁ። እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ እንግዲህ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት፤ መብራቱም ኔትወርኩም እንደ ልባቸው በሚመጡበትና በሚሄዱበት አገር።

ከሥራዎቼ አንዱ ለታካሚዎች ቀጠሯቸውን በአጭር መልእክት የሚያስታውሰውን ፕሮግራም መከታተል ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያ ሠርቶት፣ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሄዷል። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር ይሞላል። ሦስት ከተሞላ ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀድሞ መልእክት ይሄዳል፤ ዜሮ ከተሞላ አይሄድም። ዜሮ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድ ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ባል ያነሣዋል፣ አማት ታነሣዋለች፣ ተማሪ የሆነ ልጅ ደግሞ መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። በሽታውን ከቤተሰቡ የደበቀ ሰው «አትላኩብኝ» ይላል፤ ነርሷም ዜሮ ትሞላለታለች።

ጣጣው ያለው ያንን ቁጥር በምታነበው ፋንክሽን ላይ ነው። ፋንክሽን ማለት ፕሮግራሙ ውስጥ የምትላክ መልእክተኛ ናት፤ ሄዳ አይታ የተጻፈውን ይዛ ትመለሳለች። ይቺኛዋ ግን የተጻፈ ነገር ስታጣም ዜሮ ይዛ ነው የምትመለሰው። ወንፊት ተውሰሽ ነይ ተብላ ጎረቤት የተላከች ልጅ «የለም» ብላ ስትመለስ፣ የሌለው ወንፊቱ ይሁን ሰዉ እንደማይታወቀው ማለት ነው። ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ ፋይሉን ባስቀመጠ ቁጥር ያነበበውን መልሶ ስለሚጽፍ፣ ባዶ የነበረው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ቀርቷል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው መቼም ኮምፒውተር አልነካም።

ይህን ያወቅኩት በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ትወስድ ነበር። መጀመሪያ መድኃኒቱ በየሳምንቱ ሲሰጣት በገበያ ቀን እየመጣች፣ ልትሸጠው ያመጣችውን ጌሾ እኔ በር ላይ ታስደግፍና «እዪልኝ» ብላኝ ትገባለች። ቀጠሮዋ ወደ ወር ሲራዘምላት ቀረች። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ነርስ፣ ወደ ኮምፒውተሩ መጥተው ሲያዩ መልእክት አልተላከላትም። ከስሟ ፊት ለፊት ያለው ዜሮ ነው። ይህን መድኃኒት መሐል ላይ ያቋረጠ ሰው በሽታው ይነሣበታል፤ ሲነሣ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶት ነው። ሊገድላት ይችላል።

«ዜሮውን ሁሉ ወደ ሦስት ለውጭውና ይላክ» አሉኝ።

«አትላኩ ያለች ብትሆንስ ጋሼ? ስልኩ እኮ የእሷ ሳይሆን የባሏ ወንድም ነው።»

«እንግዲያ የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን እንላካታ።»

«እሷስ የባሏ እህት አይደለች እንዴ?»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ምን ይሻላል ትያለሽ ታዲያ?» አሉ። ብልክ ትዳሯን ላፈርስ ነው፤ ባልልክ ነፍሷን። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ያን ጊዜ የመዘገበቻት ነርስ ወደ እስቴ ተዛውራለች። ኔትወርክ ይሻላል የሚባለውን ጉብታ ስወጣ ስወርድ ቆይቼ በስንት መከራ አገኘኋት። «አላስታውሳትም» አለችኝ። «እምቢ ላለኝ ዜሮ እሞላለሁ። ግን አገሩን ታውቂው የለ? አብዛኛው ሰው ‹እናንተ እንዳላችሁ› ነው የሚለኝ። ያንን ምን ብዬ ልሙላው? ባዶ እተወዋለሁ።» ልወቅሳት አልቻልኩም። እኛ አገር ሐኪም ፊት እሺም እምቢም ማለት ድፍረት ይመስላል፤ ሰው ውሳኔውን በአክብሮት መልሶ ለሐኪሙ ያስረክባል። ለእንዲህ ያለ መልስ ፕሮግራሙ ቦታ አልነበረውም።

አርብ እስኪደርስ እንቅልፍም ሥራም አልሆነልኝ። ፋንክሽኗን ቀየርኳት፤ የተጻፈ ስታጣ «አልተሞላም» ብላ እንድትመለስ አደረግኩ። ይህ ለወደፊቱ ይጠቅማል፤ ያለፈው ዜሮ እምቢታ ይሁን ባዶነት ግን አይለይበትም። ፋይሉን እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ያችኑ ዜሮ አያለሁ። ጋሼ በበሩ ሲያልፉ «ስላፈጠጥሽባት የምትናገር መሰለሽ?» ይሉኛል። ተስፋዬ ገበያው ብቻ ነበር፤ ቤቷ ብሄድ ሰው ይጠይቃል፤ ገበያ መሐል ግን ሁለት ሴቶች ቢያወሩ ማንም ነገሬ አይልም።

አርብ ዕለት የአህዮቹ ጭነት ተራግፎ ሳያልቅ ገበያው ውስጥ ገባሁ። የአንድ ደብር ሴቶች አብረው መጥተው አብረው ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ በጌሾው ተራ የደብሯን ሰዎች እየጠየቅኩ ሄድኩ። ስሟን ለማንም አልጠራሁም። ተሻገርኩ፣ ተመለስኩ፣ የለችም። ሞታ ይሆን ብዬ ልመለስ ስል፣ ከተራው መጨረሻ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣ አየኋት። ከስታለች።

«እንደምን ሰነበትሽ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንችስ ደኅና ነሽ?»

ጌሾ የምመርጥ መስዬ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት። «ያን ጊዜ መልእክት አትላኩብኝ ብለሽ ነበር?»

«እኔ? ኧረ ምን ብየ። እናንተ እንዳላችሁ አልኋት ያችን ልጅ። ቀኑ ሲደርስ በስልክ ትጠሪያለሽ አለችኝ። ባሌም ወንድሙም ሕመሜን ያውቃሉ፤ እንዲያውም ስልኩን ከሱ ተቀብየ መቀነቴ ላይ አስሬው ከረምሁ።» ሳል አቋረጣት። ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ቆየች።

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

«ዝም አላችሁኛ። የታመመማ ይጠራል። ካልጠሩኝ ድኛለሁ ብየ፣ ቤተ ልሔም፣ እመቤቴ ደጅ ድረስ ወጥቸ ስለቴን አገባሁ።»

እኔ ያችን ዜሮ ስፈታ ስሰነብት፣ እሷም የእኛን ዝምታ ስትፈታ ሰንብታለች፤ ያውም በደስታ። በዚያች ቅጽበት ያንን ፕሮግራም የጻፈውንም፣ የተረከብኩትን እኔንም ጠላሁ።

«አልዳንሽም እትዬ» አልኳት። «አሁኑኑ አብረን እንሂድ። ሐኪሙ ይይሽና መድኃኒቱን እንደገና ትጀምሪያለሽ።»

ጌሾዋን ወደ ራሷ ሳበች። ጎኗ ያለችው ሴት ስለ ዋጋ ስትከራከር ይሰማል።

«ስለቴስ?» አለችኝ። «ሳልድን ድኛለሁ ብየ አገባሁት። እመቤቴ የተቀበለችኝ ይመስልሻል?»

ዝም ልላት ነበር። ግን ዝምታዬን ምን ብላ እንደምትወስደው ፈራሁ።

«አላውቅም» አልኳት።

«ይችን ‹አላውቅም›ስ ቢሆን እስከ ዛሬ ማን ነገረኝ» አለችና አብራኝ ልትሄድ ጌሾዋን ማሰር ጀመረች።