የቁይ ገበያ ክንድ

ስለ ጣልያን ዘመን የተጻፈውን ብዙ አንብቤአለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ፣ በራሴ ጭንቅላት ስለሆነ ማንበብ አይከብደኝም። ጸሐፊዎቹ ስለ ጦርነቱ ያላሉት የለም፤ በዚያ ዘመን በጎጃም የቁይ ገበያ በማን ክንድ ይለካ እንደነበር ግን አንዳቸውም አልጻፉም። በእኔ ክንድ ነበር።

ለዛሬ ልጆች እንግዳ ስለሚሆን ላስረዳ። አቡጀዲ የሚሸጠው በክንድ ነበር። ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው። የማን ክንድ የሚለው ግን አልተወሰነም። ስለዚህ ልብስ የሚገዛ ሰው ከዘመዶቹ ሁሉ ክንደ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይመጣል፤ ነጋዴው ደግሞ በራሴ ክንድ ካልሆነ አልሸጥም ይላል። እኔ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎበዝ ነበርኩ፤ እንደኔ ያለ ክንድ ከሉማሜ እስከ ደብረ ወርቅ አልነበረም። ዘመድም ባዳም ለልብስ ሲወጣ የሚወስደው እኔን ነው። ለሠርግ ልብስ ሲሆን ከሦስት ቀን በፊት ይነገረኛል። ምሳ ያበሉኛል፣ ጠላ ያጠጡኛል፣ ከዚያ “በል እንግዲህ ጣትህን ደህና አድርገህ ዘርጋ” ይሉኛል። ጣቴን ብቻ አልነበረም የምዘረጋው፤ የመሃል ጣቴን ጥፍርም አሳድጌ ነበር።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ አንድ አስተርጓሚ የብረት ዘንግ አስይዞ መጣ። “ይህ ሜትር ይባላል፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ያልለካ ይቀጣል” ብሎ ገበያው መግቢያ ላይ ካለው አጥር ጋር በሽቦ አስሮት ሄደ። በሳምንቱ አህያ ታሰረበት። ሦስት አህያ ይችል ነበር። ጠንካራ ብረት ነው፣ አይካድም።

በክንድ ምክንያት የሚነሳው ጠብ ግን ባሰ። ልብስ እየጠፋ ሲሄድ ሰው ለአንዲት ጣት ስፋት ዱላ ይማዘዝ ጀመር። በዚህ ጊዜ የገበያው ሽማግሌዎች በገበያው ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ሸንጎ ሊቀመጡ ተስማሙ። ሰብሳቢው ከደብረ ወርቅ የመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን።

“የጣልያን ብረት በግድ ነው” አሉ የኔታ። “እኛ በውድ የሚያዝ አንድ ልክ እናውጣ። አልገዝትም፣ አላስምልም። የወደደ ይለካበት፤ ያልወደደ እንደ ልማዱ ዘመዱን አስከትሎ ይምጣ።”

ለእኔ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በዚያው ሰሞን የአንድ አቡጀዲ ነጋዴ ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ከገበያው ነጋዴ ሁሉ ሀብታሙ፣ ክንዳቸውም ከሁሉ አጭሩ ነበር። ከሸንጎው በፊት በነበረው ቀን ጠሩኝ።

“አንተ ልጅ፣ ልጄን ትፈልጋለህ?”

“አዎን፣ አባባ።”

“እንግዲያው ነገ ያንን ዘነዘና የመሰለ ክንድህን ከጋቢህ እንዳታወጣ። የአገሩ ልክ እሱ ከሆነ እኔ ጠፋሁ። ዝም ካልህ ለጥር ሠርግ ነው። ካወጣኸው ግን ከደጄ እንዳትደርስ!”

ሌላ ሰው ቢሆን ለልጅቱ ሲል ክንዱን ይሰበስብ ነበር። እኔ ግን ልጅቱንም ክንዴንም እወዳለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አስቤ ዘዴ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ዘዴ ተምሮ የሚያገኝ ሰው አላየሁም።

በማግሥቱ ነጋዴው ክንዳቸውን ገልጠው ከሸንጎው ፊት ዘረጉ። ከገዢዎቹ ወገን አንዱ “ይሄ ክንድ ነው ወይስ ክርን ብቻ?” ብሎ ገበያውን አሳቀው። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

“የኔታ፣ አባቶቼ፣ የጎጃም ክንድ ይህችን ያህል ነው ሲባል ጣልያን ቢሰማ ምን ይለናል?”

ገበያው በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ክንዴን አወጣሁ። “ደግሞም የሰው ክንድ ይታመማል፣ ይዘምታል፣ ይሞታል። እንጨት ምስጥ ይበላዋል። ብረት የእነሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ከታረደው በሬ ቆዳ ጠፍር ይቆረጥ፤ ልኩ እሱ ይሁን።”

ጠፍሩ ተቆርጦ፣ ገና ርጥብ እንደሆነ፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ተለካ። የኔታ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩበትና ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ነጋዴው በአጠገቤ ሲያልፉ “እንግዲህ ክንድህ ልጅ ይውለድልህ!” አሉኝ።

ልጅቱን ምንጭ ላይ አገኘኋት። እንስራዋን ሞልታ ቆማለች።

“እኔን ምን ታደርገኛለህ? ክንድህን አግባት” አለችኝ። “ረጅም ናት፣ ቆንጆ ናት።”

“ሁለት ገበያ ብቻ ታገሺኝ።”

“ምን ሊመጣ?”

“ፀሐይ።”

“ፀሐይ ድሮስ የት ሄዳ ኖሯል?” ብላ ጥላኝ ሄደች።

ርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ የማያውቅ ገበሬ በጎጃም የለም። አልጋ ሲጠፍር ያየዋል፣ ሞፈር ሲያስር ያየዋል። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ልኩ ከእኔ ክንድ ይወጣል፣ የኅዳር ፀሐይ ደግሞ ወደ ነጋዴው ክንድ ይመልሰዋል። ሰዎቹ ጠፍሩ አጠረ ሲሉ አብሬ ልገረም ተዘጋጅቼ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው።

በሁለተኛው ገበያ ገዢዎች ይዘውኝ መጡ። ክንዴን ከጠፍሩ አጠገብ ብዘረጋ አራት ጣት በለጥኩት። ጠበል የተረጨበት ልክ አጠረ ለማለት የሚደፍር ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ “ክንዱ አድጓል” አሉ።

“በሁለት ሳምንት?” አለ አንዱ ገዢ።

“ልጅ አይደለም እንዴ? ምሳ የምታበሉት እናንተ!”

የኔታም ክንዴን አገላብጠው አዩና “ልክ አይሳሳትም፤ ያደገው እሱ ነው” ብለው ፈረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክንዴ መለካት ቀረ። ሌላው ቢያፍርበት እኔ አላፈርኩም። በሸንጎ ፊት፣ በሁለት ሳምንት አራት ጣት አደገ የተባለ ሰው ካለ ይምጣ።

ነጋዴው ጠፍሩን ከክንዳቸው ጋር አስተያዩት። ልክ ክንዳቸው ሆነ። ጥርሳቸው ሳይከደን ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በሳምንቱ ሽማግሌዎቼን አስጠሩ። በጥር አገባሁ።

በሰኔ ግን ዝናቡ ጣለ፤ ጠፍሩም ከዋንዛው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ራሰ። አንድ ቀን አማቴ በዝናብ ተደብድበው፣ ጠፍሩን እንደ እባብ አንጠልጥለው፣ በሩን በርግደው ገቡ።

“ክንድህን አምጣ!” አሉ። ዘረጋሁ። እኩል ለእኩል። “አራት ጣቱ የት ገባ? አታልለኸኛል! ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። ተነሺ አንቺ!”

“አባባ፣ ክንዴ ተመልሶ አጥሮ ይሆናል” አልኩ። በአፌ ቀለድኩ እንጂ ልቤ ከዳኝ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ከቀረበ ሠርጉ የተንኮል ሠርግ ነው ተብሎ ይፈርሳል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ይህንንም ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ሚስቴ ግን ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም። “አባባ፣ መጀመሪያ እሳት ይሙቁ። ብርድ ይገድልዎታል” ብላ ጠፍሩን ከእጃቸው ወሰደችና ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። የሰኔ ጾም ነበርና ሽሮ አቀረበች። እየተቆጡ በሉ። ጨመረችላቸው። አሁንም እየተቆጡ በሉ። እሳቱን ቆሰቆሰችው፣ ጠላ ቀዳች፣ እህል ስለ መወደዱ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ስለ እህል ሲያወሩ፣ እኔ ጠፍሩን ከማየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ጫፉ ቀስ እያለ ይጠቀለል ጀመር።

እጃቸውን ታጥበው ሲነሡ ጠፍሩን አወረዱና በክንዳቸው ላይ ዘረጉት። ልክ ክንዳቸው። ደገሙት። አሁንም ልክ ክንዳቸው። እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ዝናቡን አዩ።

“አንተ” አሉኝ፣ “ገሳ አለህ?”

ዝናብ የምከላከልበትን የሣር ካባዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ልጄን ልወስድ ነው ብለው የመጡት ሰው ጠፍሩን በገሳዬ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን በብብታቸው አቅፈው፣ ራሳቸው ከአናት እስከ እግር እየራሱ ቁልቁለቱን ወረዱ።